የዛሬ ዓመት

የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው አቅጃለሁ። ሙያው እንደሚወራለት ከባድ አይደለም። የአምናውን ዕቅድ ትከፍታለህ፣ ስሙን ቀይረህ ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን «2016 ያለበትን ሁሉ 2017 አድርግልኝ» ትለዋለህ። አንድ ጊዜ እንዲሁ ሳደርግ «2016 ኩንታል ምርጥ ዘር» የሚለውም አብሮ «2017 ኩንታል» ሆኖ ኖሯል። ማንም አላየውም። እንዲያውም ኃላፊያችን በግምገማው ላይ «ካለፈው ዓመት ጭማሪ አሳይቷል» ብለው አመሰገኑኝ።

ይህን የማወራው ለቀልድ አይደለም። ሙያ ቤት ድረስ ይከተላል። እኔም በየጳጉሜው የግሌን ዕቅድ በዚያው በመሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዥ እሠራለሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ግብ፣ የክንውን ጊዜ፣ ምርመራ። ባለቤቴ ሩሃማ ትስቅብኛለች። «ፈጻሚ አካል የሚለውን ረስተኸዋል» ትለኛለች። ክብደት መቀነስ፣ የጀመርሁትን ማስተርስ መጨረስ፣ ለልጄ ለሂዊ በቀን ግማሽ ሰዓት ማንበብ፤ እነዚህ ከዓመት ዓመት ይገባሉ ይወጣሉ። ተራ ቁጥር አንድ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ከአባቴ ጋር መታረቅ» ይላል። ምርመራው ላይም በየዓመቱ ያው አንድ ቃል አለ፤ «ተሸጋግሯል»።

አባቴ መሪጌታ ጥሩሰው ዲማ ላይ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪውም አገሩም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ፊደልም ቅኔም የቆጠርሁት ከእግራቸው ሥር ስለሆነ እኔም ልጃቸው ሳለሁ ሌላ መጠሪያ አላውቅላቸውም። ቅኔውን ትቼ ከተማ ትምህርት ቤት ስገባ አልተቆጡኝም። «ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የትም ቢሄድ ቃልን ሁለት አድርጎ ይሰማል» ብለው መርቀው ሸኙኝ። የተቆጡት ሩሃማን ያገባሁ ጊዜ ነው። ሩሃማ የነቀምት ልጅ ናት፤ ማርቆስ የመጣችው የሂሳብ መምህርት ሆና ተመድባ ነው። ቤተሰቧ ፕሮቴስታንት ነው፤ እሷም እንዲሁ። እሷም ሃይማኖቷን አልለወጠችም፣ እኔም የእኔን አልተውሁም፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን። የኔታ «ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው በሰው ላኩብኝ። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና አልረገጥሁም።

በ2016 ጳጉሜ ላይ ሩሃማ አመረረች። «ልጅቷ እየጠየቀችኝ ነው። አያት አላት ወይስ የላትም? አንዱን ንገረኝና እኔም ልንገራት» አለችኝ። በዚያ ሰሞን የየኔታ ተማሪ፣ ዲያቆን አንተነህ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ማርቆስ መጥቶ ነበር። ለበዓሉ ወደ ዲማ ሲመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። «ልጅዎ ትዕዛዙ እንታረቅ ይላል፤ መቼ ልምጣ ይላል በልልኝ» አልሁት። ይህችን ለማለት ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ስላት ግን አንድ ደቂቃ አልወሰደችም።

መስከረም አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንተነህ ደወለ።

«ምን አሉ?» አልሁት፤ እንኳን አደረሰህም አላልሁትም።

«ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። እንዳልኸኝ በጆሯቸው ነገርኋቸው። ‹የዛሬ ዓመት› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ‹የዛሬ ዓመት በለው› አሉኝ፤ በቃ።»

ስልኩን ስዘጋ ሩሃማ አጠገቤ ቆማለች። የተባለውን ነገርኋት። «የዛሬ ዓመት ማለት የቱ ነው?» አለችኝ። «ይኼ አማርኛችሁ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል። ያለፈውንም የዛሬ ዓመት ትላላችሁ፣ የሚመጣውንም የዛሬ ዓመት ትላላችሁ።»

ሳቅሁባት። «መቼ ልምጣ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ስላለፈው ይመልሳል? ከርሞ ና ማለታቸው ነው።»

«ለእኅትህ ለአይናዲስ ደውልና አጣራ።»

«ቅኔ የተማርሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ይህችን አነጋገሬን እስካሁን አልረሳኋትም። እሷም አልረሳቻትም። የዚያን ቀን ግን ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም የረታሁ መሰለኝ።

ውስጤ ግን ተቃጥሏል። ስምንት ዓመት ያልበቃቸው፣ ሌላ አንድ ዓመት ደጅ ሊያስጠኑኝ? በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ የ2017 የግል ዕቅዴን ከፈትሁና ተራ ቁጥር አንድ ምርመራው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «በአባት ውሳኔ መሠረት ወደ 2018 ተሸጋግሯል»። አትሜ ቤት ወሰድሁት። እውነቱን ልናገርና ቀለል አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ መዘግየቱ የእኔ ጥፋት አልነበረም፤ ያውም በጽሑፍ።

ጥር ላይ እኅቴ አይናዲስ ደወለች። ከየኔታ ጋር የምትኖረው፣ የምትጦራቸውም እሷ ናት። በየወሩ እንደዋወላለን፤ ስለ የኔታ ግን «ደኅና ናቸው» ከማለት አታልፍም። ያን ዕለት «ትዕዛዙ፣ ና» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ዝም ብለህ ና።»

«የኔታ ታመሙ?»

 «እኔ መናገር አልችልም። ና ነው የምልህ። ና ማለት አይገባህም?» አለች።

«ቀን ቆርጠውልኛል እኮ። ከቀኑ በፊት ብሄድ ደግሞ ደፈረኝ ይሉኛል። መንገዱም እንደምታውቂው ነው።»

መንገዱ በእርግጥም በዚያ ሰሞን ሲዘጋ ሲከፈት ነበር። ግን በሳምንቱ ተከፍቷል፤ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ዲማ አጠገብ፣ ቢቸና ደርሶ ቅቤ ሸምቶ ተመልሷል። ከቅቤው እኔም ገዝቻለሁ። አልሄድሁም እንጂ መሄድ አቅቶኝ አልነበረም። አይናዲስ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ብቸኝነት ነው፣ ሆድ ብሷት ነው ብዬ ተረጎምሁት። መተርጎም መቼም አይከብደኝም።

ጳጉሜ ላይ የ2018ን ዕቅድ ስሠራ ተራ ቁጥር አንድ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ተቆረጠለት። የክንውን ጊዜ፤ መስከረም 1። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ጳጉሜ አምስት ቀን ሂዊን ይዤ ተነሣሁ። ሩሃማ ቀረች። «እኔ ስጠራ እመጣለሁ። ሳልጠራ የሰው ደጅ አልቆምም» አለች፤ ልክ ናት። ለየኔታ ግን አዲስ ጋቢ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችልኝ። «ከማን ነው ካሉህ ከሂዊ ነው በል» አለችኝ።

ቢቸና አደርን። ሂዊ አልጋው ላይ በደረቷ ተኝታ ለአያቷ የዕንቁጣጣሽ ሥዕል ትስላለች። አንድ ገጹ የታተመበትን ወረቀት ሁልጊዜ ለእሷ አመጣላታለሁ፤ በነጩ በኩል ትስልበታለች። «ሥዕል ይዘው የሚዞሩት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች አበባዬሆሽ ነው የሚሉት» ብላት «ቤታችን ወንድ ልጅ የለማ» አለችኝ። ትልቅ አደይ አበባ ሳለች። ከሥሩ ደግሞ ጥምጣም የጠመጠመ፣ ጢሙ ጉልበቱ የሚደርስ ሰውዬ። «አያቴ ነው» አለች። አይታው የማታውቀውን ሰው እንዲህ በእርግጠኝነት ስትስል ሳያት ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ጠዋት ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ጭቃው ጫማችንን ይዞ አይለቅም። ሂዊን አንዴ አዝላታለሁ፣ አንዴ አወርዳታለሁ። እግረ መንገዴን የምለውን አጠናለሁ። «የኔታ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገርዎ።» ከዚያ ጉልበት መሳም። ከዚያ ይቅርታ። ከዚያ፣ ከፈቀዱ፣ ስለ ሩሃማ። በቅደም ተከተል ነው፤ መቼም ዕቅድ ነው።

የኔታ ከደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሴ አልቆ፣ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ለሕዝቡ በቃላቸው አውጀው ገና መመለሳቸው ነበር። ጥምጣማቸው እንደ ድሮው ነጭ ነው፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል። አይናዲስ ከሩቅ አየችንና እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አልተጣራችም። ገባሁና ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«ማነው?» አሉ።

 ዘጠኝ ዓመት ነው እንጂ ዘጠና አይደለም። ከፊታቸው ቆሜ «ማነው» ይሉኛል?

«ትዕዛዙ ነኝ፣ የኔታ።»

እጃቸው ትከሻዬን ፈልጎ አገኘውና አጥብቆ ያዘው። ፊታቸውን ግን አልመለሱልኝም። በትከሻዬ ላይ አልፈው የአጥሩን በር ያያሉ። «ድምፅህ ወፍሯል» አሉ። አኩርፈዋል ብዬ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጬ፣ በቀጠሯቸው ቀን ተገኝቼ፣ ፊቴን ማየት እንኳ ይጠየፋሉ? ያጠናሁትን ሰላምታ ዋጥሁት።

ሂዊ ግን ኩርፊያ አታውቅም። ፊት ለፊታቸው ሄዳ ቆመች። «እንኳን አደረሰዎ፣ አባባ። ሥዕል አምጥቼልዎታለሁ» አለች።

«ይህችስ?»

«ልጄ ናት፤ ሂዊ።»

«ሕይወት» አሉ፣ ስሟን ሞልተው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ ፊታቸው ቀረብ አደረጉት፣ ራቅ አደረጉት። «አቤት! እንዴት ያለ አበባ ነው! ቢጫው ሲፈካ! እጅሽ ይባረክ ልጄ።»

አበባው ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ወደ እሳቸው የዞረው ሰንጠረዥ ነው፤ ጥቁር መስመርና ጥቁር ፊደል።

ሂዊ ከት ብላ ሳቀች። «አባባ፣ ገልብጠው ነው የያዙት! ይኼማ የአባዬ ዕቅድ ነው። አበባው በዚያ በኩል ነው።»

ሌላ የሳቀ የለም። የኔታ ወረቀቱን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ያን ጊዜ ዓይናቸውን አየሁ። ከገባሁ ጀምሮ ፊታቸውን እንጂ ዓይናቸውን አላየሁም ነበር፤ በቁጣ የተሞላ ሰው ደኅና አድርጎ አያይም። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ የሚያርፍበት ግን የለውም።

«አይናዲስ!» አልሁ። 

«ገዝተውኛል» አለች እያለቀሰች። «‹ለትዕዛዙ ብትነግሪ በቃሌ የተወገዝሽ ሁኚ› ብለው ገዝተውኛል። ና አልሁህ እኮ። ከና በላይ ምን ልበል?»

የሆነውን በደጃፉ ላይ ቆማ ነገረችኝ። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። ፊደሉ እየደበዘዘባቸው የመጣው ካቻምና ነው፤ ቅኔ የሚነገረው በቃል፣ የሚሰማውም በጆሮ ነውና ተማሪዎቹ እንኳ ቶሎ አላወቁም። ጥር ላይ ያያቸው ሐኪም «ማርቆስ ውሰዷቸው፤ ቶሎ ከታከሙ የቀረው ብርሃን ይተርፍ ይሆናል» አላት። የኔታ እንቢ አሉ። «ማርቆስማ ልጄ አለ። እሱ ያለበት ከተማ ገብቼ ደጁን ሳላንኳኳ ልመለስ? እሱ ሳይመጣ ደግሞ እኔ አልቀድምም» አሉ። ለፋሲካ የሰው ጥላ ያዩ ነበር። በሰኔ ጥላውም ቀረ።

«በቃሽ፣ አይናዲስ» አሉ የኔታ። ከዚያ ሂዊ ወዳለችበት ጎንበስ አሉ። «ሕይወት፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«አንደኛ ክፍል ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ይህን የአባትሽን ዕቅድ አንብቢልኝ። ምን አቅዶ እንደሚኖር ልወቅለት።»

«የኔታ፣ ይተዉት፤ የድሮ ወረቀት ነው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ያኔ ጉባኤ ላይ ዝም በል ሲሉኝ እንደሚያደርጉት። እጄን ሰበሰብሁ።

ሂዊ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ተራ ቁጥር… አንድ። ከአባቴ… ጋር… መታ… መታረቅ። ምርመራ። በአባት… ውሳኔ… መሠረት… ወደ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት… ተሸጋ… ተሸጋግሯል።»

«ተሸጋግሯል ማለት ምንድን ነው?»

ሂዊ ታውቀዋለች፤ ስትሰማው ያደገችው ቃል ነው። «ዘንድሮ አይሆንም፣ ለከርሞ ማለት ነው» አለቻቸው።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር ሰውን ከዘመን ወደ ዘመን ያሸጋግራል» አሉ። «አንተ ደግሞ እኔን አሸጋገርኸኝ?» ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ውሳኔው ደግሞ የአባት ነው ይላል። መቼ ነው የወሰንሁት?»

«በአንተነህ አልላኩብኝም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። «መቼ ልምጣ ብዬ ብጠይቅዎ የዛሬ ዓመት አላሉኝም? ይኸው የዛሬ ዓመት መጣሁ። ቀኗን አላዛነፍሁም!»

 የየኔታ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ቅኔ ሲያወርዱ እንደዚያ ያደርጋሉ።

«የዛሬ ዓመት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «መቼ ልምጣ ይላል ወይ፣ መምጫውስ የዛሬ ዓመት ነበር፣ ምን ይጠብቃል ማለቴ ነው። ፊደሉ እየሸሸኝ ነበር። ፈጥነህ ድረስ ማለቴ ነው።»

«‹ነበር› አላሉም እኮ፣ የኔታ።»

«አላልሁም።» መቋሚያውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። «ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። ‹ነበር› ብል ልመና ይመስልብኛል ብዬ ተውኋት። ትዕዛዙ ቅኔ ቤት ያደገ ነው፤ ሁለት አድርጎ ይሰማል፤ የጎደለችውን እሱ ይሞላታል አልሁ።»

ሁለት አድርጋ የሰማችው ሩሃማ ነበረች። በቅኔ ቤት ደጅ አልፋ የማታውቀው፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደችው ሩሃማ የቱ ነው ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ አንድ አድርጌ የሰማሁት፤ የሚመቸኝን አንዱን። ዓመት ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ እሳቸውን እንድወቅስ የሚያደርገኝን።

እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አለቀስሁ። ሂዊ እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማቆም ግን አልቻልሁም። «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። ያጠናሁት ይቅርታ ረጅም ነበር፤ የወጣችው ይህችው ናት።

«አንተም ይቅር በለኝ» አሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ደኅና ዓይን ነበረኝ። ምን አየሁበት?»

ጋቢውን አይናዲስ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። በጣታቸው ጥለቱን ዳበሱት። «ይህ ከማን ነው?»

«ከሂዊ ነው» ልል አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ተውሁት። «ሩሃማ ናት የላከችልዎ።»

«እሷስ የት አለች?»

«ማርቆስ ናት። ስጠራ እመጣለሁ ብላለች።»

«ጥራት።»

«መቼ ትምጣ ልበላት?» ከአፌ አምልጦኝ ነው፤ የለመደበት አፍ ነው።

የኔታ መቋሚያውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱት። «ዛሬ በላት። ዛሬ ብቻ። ዓመት እንዳትጨምርበት!»

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው አለችኝ አይናዲስ። ስልኬን ይዤ ሮጥሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ስሜ ሲጠራ ሰማሁና ዘወር አልሁ። አባቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። እኔ ተንበርክኬበት ወደነበረው ባዶ መሬት ጎንበስ ብለው፣ ገና ያናግሩኛል።